በቤትና በጓሮ ሥጋ በል ዓሣን ስለ ማኖር፤ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ የቀረበ መግለጫ

ከጣርማ በርና ከመንዝ አፋፍ የሚወርደው ውሃ ይፋት ቆላ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል። በደጋ ሳለ ቀዝቃዛና ፈጣን የነበረው ወንዝ፥ ሮቢም ቢሆን ጀውሃም ቢሆን አታዬም ቢሆን፥ ወደ አዋሽ ሸለቆ ባዘቀዘቀ ጊዜ ሙቀት ይቀበላል፤ ሩጫውንም ይቀንሳል፤ በቦይ እየተጠለፈም ለሽንኩርትና ለቲማቲም፥ ለማሾና ለማሽላ እርሻ ያገለግላል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ የአገሩ ሙቀት ለሰው ቢከብድም ለብዙ ዓይነት ዓሣ የተመቸ ነው።

ስለዚህ ውሃ ከጠለፉት ገበሬዎች ወይም ከከተማው ነዋሪዎች መካከል ዓሣ ለማኖር የሚያስብ ሰው ቢነሣ ነገሩ አያስደንቅም። እንዲህ ያለውም ሰው ምክር ወይም ፈቃድ ሽቶ ወደ ሹም ይቀርባል። ሹሙ ጉዳዩን ያላወቀ እንደ ሆነ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ የሚጠቅመውን ሥራ በከንቱ ይከለክላል፥ ወይ ወንዝን የሚያበላሸውን ነገር ሳያውቅ ይፈቅዳል። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ትምህርት ሁለቱን ለመለየት እንዲረዳ የታሰበ ነው። ሥጋ በል ዓሣ ለምሳሌ የተመረጠበትም ምክንያት፥ ዓሣን ከማኖር ሥራ ሁሉ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቀው እርሱ በመሆኑ፥ የእርሱን ሥርዓት የተረዳ ሰው የሌላውን ለመረዳት ስለማይቸገር ነው።

አንደኛ፤ ዓሣ ስለሚኖርበት ውሃ ጠባይ

ዓሣ እንደ ማንኛውም እንስሳ ይተነፍሳል። የሚተነፍሰውም በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን በስንጥቡ እየሳበ ነው። ይህ ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ውሃውም በሞቀ ቁጥር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይገኛል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ 7 ሚሊግራም ተኩል ይወርዳል። በሸዋ ሮቢት ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ላይ ከሰባት አንዱ ያህል እንደ ገና ይጎድላል። እንግዲህ ሙቀቱ ዓሣውን ፈጥኖ ሲያሳድገው፥ የሚተነፍሰውን ደግሞ ያጎድልበታል ማለት ነው። በቆላ ዓሣ የሚያኖር ሰው ይህን አንድ ነገር ካልያዘ ሌላው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ንጽሕና ነው። በወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ቆሻሻውን ውሃው ጠርጎ ይወስድለታል፤ በገንዳ ወይም በኩሬ የተዘጋው ግን በገዛ ቆሻሻው መካከል ይኖራል። ከዓሣው ሰውነት የሚወጣው፥ ከሚተርፈውም ምግብ ብስባሽ የሚገኘው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ጥቂቱ ስንጥቡን ያቃጥላል፥ ሲበዛም ይገድላል። ነገር ግን ፈጣሪ ለዚህ መድኃኒቱን አዘጋጅቶለታል፤ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ባክቴሪያዎች በድንጋይ፥ በጠጠርና በአሸዋ ላይ ተጣብቀው አሞኒያውን ይበሉታል፤ በመጀመሪያ ናይትራይት ወደሚባለው ሌላ መርዝ፥ ቀጥሎም ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬት ወደሚባለውና ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ነገር ይለውጡታል። ናይትሬት ለሣርና ለአትክልት ማዳበሪያ ስለ ሆነ፥ ከዓሣ ውሃ የሚወጣው ፍሳሽ ለሽንኩርት መደብ ይጠቅማል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በአንድ ቀን አይገኙም። ለሥራው በሚበቃ ብዛት እስኪራቡ ድረስ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ይፈጃል። ገንዳውን ዛሬ ሞልተው ነገ ዓሣ የሚጨምሩ ሰዎች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ዓሣቸው ሁሉ ሞቶ የሚያገኙበት ምክንያት ይህ ነው። ብዙዎች በዓሣው ዘር ወይም በሻጩ ያመካኛሉ፤ ጥፋቱ ግን ውሃው ሳይሰናዳ መቸኮሉ ነው። ዓሣ የሚያኖር ሰው አስቀድሞ ውሃ ያኖራል።

ሁለተኛ፤ በመስታወት ገንዳ ስለሚኖረው ስለ ፒራንያ

ፒራንያ ማለት በደቡብ አሜሪካ በአማዞን፥ በኦሪኖኮ፥ በፓራጓይና በፓራና ወንዞች የሚገኝ ዓሣ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በቤት ገንዳ ይልቁን የሚታወቀው ሆዱ ቀይ የሆነው ነው። ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፥ ከዚያም የሚበልጥ አለ። ጥርሱ በአንድ ረድፍ የተሰካ፥ ሦስት ማዕዘን ያለውና እንደ መቀስ የሚገጥም ስለ ሆነ ሥጋን ቆርጦ ይወስዳል።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት የብራዚልን በረሃ ተጉዘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ባሳተሙት መጽሐፍ የዚህን ዓሣ ጭካኔ አጉልተው ስለ ጻፉ፥ ዝናው በዓለም ተሰማ። በኋላ የመጡ መርማሪዎች ግን ነገሩን አስተካክለውታል። ፒራንያ ትንንሽ ዓሣን፥ የሌላውን ዓሣ ክንፍና ቅርፊት፥ የሞተ እንስሳ ሥጋን፥ ነፍሳትን፥ አንዳንዱም የዛፍ ፍሬን የሚበላ ነው። በመንጋ የሚዋኘውም ከሚበሉት ከትልልቅ ዓሦች፥ ከወፎችና ከአዞ ዘመዶች ለመጠበቅ እንደ ሆነ ተመልክቷል። ይሁን እንጂ በጠባብ ስፍራ የተራበ ወይም የተጨነቀ እንደ ሆነ ይነክሳል፤ ወንድሙንም ይበላል።

በባሕር ማዶ ይህን ዓሣ በቤት የሚያኖሩ ሰዎች የሚከተሉት ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

የገንዳው ስፋት በዓሣው ቁጥር ይወሰናል። ርዝመቱ 150፥ ወርዱ 60፥ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ 540 ሊትር ይይዛል፤ ይህም አድገው ለጨረሱ ከአራት እስከ ስድስት ፒራንያዎች የሚበቃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ የመስታወቱና የድንጋዩ ክብደት ሳይቆጠር ውሃው ብቻ ከአምስት ኩንታል ይበልጣል። እንግዲህ ገንዳው በተስተካከለ ሲሚንቶ ወለልና በጠንካራ ብረት ወይም ግንብ መቀመጫ ላይ መዋል አለበት፤ በጣውላ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ሰው ጠረጴዛውንም ገንዳውንም ያጣል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ስፍራ ውሃውን ያግለዋል፥ አረንጓዴም ያደርገዋል።

የቧንቧ ውሃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን የተጨመረበት ስለ ሆነ፥ በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማደር ይገባዋል። ከዚያም በገንዳው ውስጥ ጠጠርና ማጥሪያ ይገባል፤ ውሃው በማጥሪያው እየዞረ ከላይ የተባለው አንድ ወር ተኩል እስኪሞላ ይጠበቃል። በእነዚህ ሳምንታት ለባክቴሪያው ቀለብ እንዲሆን በየጊዜው ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣል ይደረጋል። ሰፊ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከቆየ ገንዳ ጠጠር እያመጡ ጊዜውን ያሳጥራሉ።

የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ እንዲሆን ይጠበቃል። በአውሮፓ ይህን ለማግኘት በክረምት ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ በይፋት ቆላ ግን የሚያስፈራው የሙቀቱ መብዛት ነው። ምግቡ ትንሽ ዓሣ ወይም የተቆረጠ የዓሣ ሥጋ ነው፤ ለጫጩቱ በየቀኑ፥ ላደገው በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የተረፈውም ሳይበሰብስ ቶሎ ይወጣል። በየሳምንቱ ከውሃው አራተኛው እጅ ተቀድቶ በአዲስ ይተካል። እጅን ማስገባት ክልክል ነው፤ ረጅም እጀታ ባለው መረብና መቆንጠጫ ይሠራል፥ ገንዳውም ልጆች እንዳይከፍቱት በክዳን ይዘጋል። ማጥሪያውም ሆነ አየር መንፊያው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ስለ ሆነ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ በሞቀ ውሃ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ዓሦች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታፈናሉ። ለዚህ ጊዜ በእጅ ውሃ እየቀዱ ከላይ የሚያንቆረቁር ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ እንግዳ ዓሣ በይፋት ለምን እንደማይፈቀድ

ከላይ የተባለው ሥርዓት ሁሉ ቢፈጸም እንኳ፥ ፒራንያን በመሰለ እንግዳ ሥጋ በል ዓሣ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የማምለጡ ነገር ነው። ባለቤቱ የተሰለቸ ወይም አገር የሚለቅ እንደ ሆነ ዓሣውን መግደል እያሳዘነው በአቅራቢያው ወዳለ ቦይ ወይም ወንዝ ይለቀዋል። በብርድ አገር የተለቀቀው በመጀመሪያው ክረምት ይሞታል። በይፋት ቆላ የተለቀቀውን ግን የሚገድለው ብርድ የለም። ሮቢም አዋሽም ሙቅ ናቸው፤ የአዋሽ ውሃ ደግሞ ወደ ውቅያኖስ ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ስለ ሆነ፥ በዚህ ተፋሰስ ውስጥ የገባ ክፉ ነገር ተጠርጎ የሚወጣበት በር አያገኝም።

የይፋት ሰው ለዚህ ሩቅ ምስክር አያሻውም። ከይፋት በስተ ምሥራቅ ባለው በአፋር ምድር ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ በመጀመሪያ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ከውጭ የመጣ ነበር፤ ዛሬ የግጦሹን ምድር ወርሶ ከብት አርቢውን አስቸግሯል። በጣና ሐይቅ ላይም በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም ስንት ሺህ ሰው ለነቀላ እንዳሰለፈ የታወቀ ነው። ዛፍና አረም በዓይን ይታያሉ፥ በእጅም ይነቀላሉ፤ በወንዝ ውስጥ የተዘራን ዓሣ ግን ማን ይነቅለዋል?

በዓሣም ረገድ ምሳሌው ጽኑ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ትልቅ ሥጋ በል ዓሣ በእኛ አገር በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ሲኖር የአገሩ ተወላጅ ስለ ሆነ ከሌሎች ጋር ተመዛዝኖ ይኖራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በሰው እጅ ገብቶ፥ በሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ መቶ የትንንሽ ዓሣ ዓይነቶችን አመናመነ፤ ብዙዎቹም ፈጽመው ጠፉ። ከነጩ ዓሣ ሽያጭ ትልቅ ገንዘብ መገኘቱ እውነት ነው፤ የጠፋውን ግን መልሶ የሚፈጥር ገንዘብ የለም።

ጉዳት የማይታሰብበት ዓሣ እንኳ ውሃን ሊለውጥ ይችላል። በወሎ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው በሐይቅ ውሃ ውስጥ በ1971 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ተጨምሮ ነበር። ዓሣው ተራብቶ ለአጥማጆች እንጀራ ሆነ። ነገር ግን ቀድሞ እጅግ ጥርት ያለ የነበረው ውሃ በኋላ ጥራቱ እንደ ቀነሰ መርማሪዎች መዝግበዋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የዓሣው መግባት ይሆናል ብለው የጻፉ አሉ። ለመልካም የተደረገ ሥራ እንዲህ ከሆነ፥ ሳይታሰብ የተደረገውን ማን ያውቃል?

ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የአገሩን የዓሣ ሀብት በሕግ ጥበቃ ሥር አድርጎታል። እንግዳ ሕያው ዓሣ ወይም የዓሣ እንቁላል ለማስገባት የሚጠይቅ ሰው በቀረበ ጊዜ፥ የወረዳ ሹም በራሱ ሥልጣን እሺ ማለት አይገባውም፤ ጉዳዩን ከነማስረጃው ወደ ግብርና መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል።

አራተኛ፤ የአገሩ ሥጋ በል ዓሣ አምባዛ፥ ከቆሮሶ ጋር

ሥጋ በል ዓሣ ለማኖር የሚሻ ሰው ወደ ደቡብ አሜሪካ ማየት አያስፈልገውም፤ የአዋሽ ተፋሰስ የራሱ የሆነ አለው፥ እርሱም አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፥ በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም ያለው፥ በጭቃ ውሃ በሌሊት የሚያድን ዓሣ ነው። ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት ልዩ ክፍል ስለ ተሰጠው፥ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ውሃ እርሱ ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር እየጠጣ ይኖራል። በዝናብ ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ በርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ ይሄዳል። እንደ ፒራንያም ወንድሙን ይበላል፤ ትልቁና ትንሹ በአንድ ገንዳ የተቀመጡ እንደ ሆነ ትልቁ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ጫጩቶቹ በየጊዜው በመጠን እየተለዩ መቀመጥ አለባቸው።

ቆሮሶ ደግሞ የውሃ አረንጓዴና ጥቃቅን ነገር እየበላ የሚኖር የዋህ ዓሣ ነው። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ውሃ ደኅና ያድጋል። ከባድ ነውሩ መብዛቱ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ የሚጠፋው ጥቂት ነው፥ ገና በጥቂት ወር ዕድሜዋም ትወልዳለች። በዚህም ምክንያት ኩሬው ጣት በሚያካክሉ ዓሦች ይሞላል፤ ምግቡም ለሁሉ አይዳረስም፥ ለገበያ የሚሆን አንድም አይገኝም። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ጊዜ ነው።

እንግዲህ የአንዱ ክፋት የሌላውን ነውር ያርማል። ለዐሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ ቢገባ፥ አምባዛው አዲስ የሚወለዱትን ጫጩቶች እየበላ ብዛቱን ይወስናል፥ የቀሩትም ቆሮሶዎች ይሰባሉ። ነገር ግን አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶዎቹ ያነሰ መሆን አለበት፤ የበለጠ እንደ ሆነ ጫጩቱን ትቶ ወላጁን ይበላል። ጠባቂው ዘራፊ የሚሆነው መጠኑ ሳይታወቅ በተሾመ ጊዜ ነው፤ ይህን ለሹማምንት ማስረዳት አያስፈልግም።

የኩሬው አሠራር ይህ ነው። ስፍራው የሮቢ ጎርፍ በክረምት ከሚደርስበት ርቆ፥ ከቦይ በታች ግን ከእርሻ በላይ ይመረጣል፤ ውሃው በራሱ እንዲገባና በራሱ ወደ እርሻ እንዲወርድ ነው። አፈሩ ውሃ መያዙን ለማወቅ ከጥልቁ የወጣውን ርጥብ አፈር እንደ ኳስ አድቦልቡሎ ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ነው፤ ሳይፈርስ የተቀለበ እንደ ሆነ ሸክላነቱ ይበቃል። ለጀማሪ 200 ካሬ ሜትር ይበቃል። ጥልቀቱ በመግቢያው 80 ሴንቲ ሜትር፥ በመውጫው አንድ ሜትር ከ20 ያህል ይሁን፤ ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ውሃው ይግላል፥ ሣርም ይበቅልበታል። በመግቢያውና በመውጫው ላይ እንግዳ ዓሣ እንዳይገባ፥ የገባውም እንዳይወጣ ወንፊት ይደረጋል። ስለ አምባዛው በዙሪያው ዝቅተኛ አጥር ማድረግ ይገባል።

ውሃ ሳይገባ በ100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ኖራ ይበተናል፤ ይህም የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፥ የቀድሞውንም ተባይ ያጠፋል። ከዚያ ውሃው ሲሞላ የከብት ወይም የዶሮ ፍግ በመጠን ይጨመራል፤ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላም ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው የዓሣው ግጦሽ ነው። መጠኑን ለመለካት እጅን እስከ ክርን ማጥለቅ ነው፤ መዳፉ ክርኑ ሳይጠልቅ ከዓይን ከጠፋ ፍጉ በዝቷል፥ ክርኑ ጠልቆም ጣቱ በግልጥ ከታየ ጎድሏል። ፍግ የበዛበት ኩሬ ቀን ኦክሲጅን ይሰጣል፥ ሌሊት ግን መልሶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ዓሦች ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቢከፍቱ ያን ቀን ፍግና ምግብ ይቆማል፥ አዲስ ውሃም ይለቀቃል።

በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ቢቆጠር በ200 ካሬ ሜትር 400 ይሆናል። አማካይ ክብደታቸው 50 ግራም በደረሰ ጊዜ ጠቅላላው 20 ኪሎ ነው፤ የቀን ቀለባቸውም ከክብደታቸው በመቶ ከ3 እስከ 5 ስለሚታሰብ ከ600 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ቆይተው ከአምስቱ አንዱ ቢጠፋና የቀሩት 200 ግራም ያህል ቢመዝኑ፥ 64 ኪሎ ዓሣ ይገኛል። የሚለቀሙበት ጊዜ ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ጋር ቢገጥም ለባለቤቱ ይበጀዋል፤ በዚያን ወራት በከተማ የዓሣ ፈላጊ ይበዛልና። ጫጩት የሚገኝበትንና የሚጓጓዝበትን ነገር በሰበታ ካለው ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ወይም በባሕር ዳር ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

አምስተኛ፤ ስለ ወባ፥ ስለ መርዝና ስለ ውሃ ተራ

በቆላ ኩሬ መቆፈር ከሦስት አደጋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሹሙም ሳያይ እንዳያልፋቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ወባ ነው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን በቆመ ውሃ ትጥላለች፤ እጩም በሞቃት አገር በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ትንኝ ሆኖ ይበርራል። ዓሣ ያለበት ጥልቅና ዳሩ የጠራ ኩሬ ብዙ ትንኝ አያፈራም፥ ትንንሾቹ ዓሦች እጩን ይለቅማሉና። ሣር የወረሰው፥ ዳሩ የረገበና ባለቤቱ የተወው ኩሬ ግን የወባ መፈልፈያ ነው። እንግዲህ ዳሩ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ሣሩ በየሳምንቱ ይታጨዳል፤ ሥራው የተቋረጠበት ኩሬ በዚያው ወር ይደርቃል ወይም ይደፈናል። ዓሣ አለበትና አጎበር አያስፈልግም የሚል ሰው ግን ተሳስቷል፤ አጎበሩ እንዳለ ይሰቀላል።

ሁለተኛው የተባይ መድኃኒት ነው። በሽንኩርትና በቲማቲም ላይ የሚረጨው መድኃኒት ለዓሣ ጽኑ መርዝ ነው። ከተረጨ እርሻ የሚወርድ ውሃ ፈጽሞ ወደ ኩሬ አይገባም፤ የመርጫውም ዕቃ በኩሬውም ሆነ በቦዩ ውስጥ አይታጠብም። መድኃኒት ገብቶበት የሞተ ዓሣ ለሰውም ለውሻም አይሰጥም፥ ይቀበራል።

ሦስተኛው የጎረቤት ጠብ ነው። 200 ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ለመሙላት ብቻ 200 ሺህ ሊትር ይፈልጋል። በበጋ ከፊቱ በቀን ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውሃ በፀሐይ ስለሚተን፥ በየቀኑ ከ1,000 እስከ 1,600 ሊትር መተካት ያስፈልጋል። ይህ ውሃ የሌላው ገበሬ ማሳ የሚጠብቀው ውሃ ነው። ስለዚህ ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት ባለቤቱ ከውሃ አባትና ከተራው ባለ መብቶች ጋር ይስማማል፤ ኩሬውም ወንዙ በሞላበት ጊዜ ይሞላል፥ ከኩሬው የሚወጣውም የዳበረ ውሃ ተመልሶ ወደ እርሻ ይወርዳል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ከሚተነውና ወደ ምድር ከሚሰርገው በቀር ውሃው ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ለዓሣ፥ አንድ ጊዜ ለሽንኩርት።

ስድስተኛ፤ ለሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ከዚህ ሁሉ ትምህርት የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሊይዙት የሚገባቸው ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። የአገሩን ዓሣ በጓሮው ለማኖር የሚሻውን ሰው ያበረታቱት፤ አስቀድመው ግን ስፍራውን፥ የውሃውን ስምምነትና የጎርፉን መንገድ በዓይናቸው ይዩ። ጫጩቱ ከየት እንደ መጣ ይጠይቁ፤ ምንጩ ያልታወቀ ሕያው ዓሣ በገበያም በመኪናም ሲዘዋወር ቢገኝ ለግብርናው መሥሪያ ቤት ያስታውቁ። በመስታወት ገንዳ እንግዳ ዓሣ ያለው ሰው ቢገኝ፥ ዓሣው በምንም ምክንያት ወደ ወንዝ፥ ወደ ቦይ ወይም ወደ ኩሬ እንዳይለቀቅ ያስጠንቅቁት፤ ሊያኖረው የማይችል እንደ ሆነ ለባለሙያ ያስረክብ። በክረምት መግቢያ፥ ጎርፍ ሳይመጣ፥ የኩሬዎችን ግድብና ወንፊት ያስመርምሩ። የተተዉ ኩሬዎችን ከጤና ባለሙያ ጋር ሆነው በየጊዜው ይቁጠሩ።

ባለይዞታዎች ደግሞ ሥራውን በትንሹ መጀመር ይበጃቸዋል። በአንድ ኩሬ ሁለት ዓመት የተማረ ሰው በሦስተኛው ዓመት ሦስት ኩሬ ሊይዝ ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ኩሬ የቆፈረ ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ለወባ ትንኝ ትቶ ይሄዳል። ሮቢና ጀውሃ ከአባቶች የተቀበልናቸው ወንዞች ናቸው፤ በእነርሱ ዳር የሚሠራ ሰው ሁሉ፥ ዓሣ ቢያኖርም ሽንኩርት ቢያለማም፥ ውሃው ከእርሱ በታች ላለው ሰውና ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ንጹሕ ሆኖ እንዲደርስ መጠበቅ ይገባዋል። ሹምም የተሾመው ይህን ለማስጠበቅ ነው።